የጋራው ሥራና የድንበር ሕግ፤ ከካርቱም ሳጃና የተገኘ ትምህርት

ለዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ አንድ ድርሰት እንዳቀርብ የማኅበራችን አዘጋጅ ኮሚቴ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ስለ ትምህርት ቤቶቻችን መመሥረትና ስለ ቀደምት መምህራን ድካም እንደሚጽፉ ገመትሁ። ስለዚህ እኔ ጥቂት ራቅ ያለ የሚመስል፣ ነገር ግን ነገ በየመማሪያ ክፍላችን ደጅ የሚቆም ጉዳይ መረጥሁ። ጉዳዩም ይህ ነው፦ መንግሥታት ስለ ቴክኒክ የሚያወጡት ሕግ፣ ማንም ሰው በነፃ ሊገለብጠውና ሊያሻሽለው የተፈቀደውን የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና እንዴት ሊነካው ይችላል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ ለመፈለግ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በጎረቤታችን በሱዳን፣ በካርቱም ከተማ፣ ብዙ ወገኖቻችን በኖሩበት በሳጃና ሰፈር፣ ለ20 ዓመት ያህል በግልጽ ሲታይ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድሞ የነገሩን ምንነት ማስረዳት ይገባል። ኮምፒዩተር ያለ ሥርዓተ ክወና ግዑዝ ብረት ነው። ሥርዓተ ክወና ማለት መሣሪያው በተከፈተ ጊዜ የሚነሣ፣ የጽሕፈት ገበታውን፣ ስክሪኑንና ማተሚያውን የሚያስተዳድር፣ ሌሎቹም ፕሮግራሞች ሁሉ በእርሱ ላይ ቆመው የሚሠሩበት ዋና ፕሮግራም ነው። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የማይክሮሶፍት ኩባንያን ዊንዶውስ ነው፤ ይህም በዋጋ የሚሸጥ፣ የተሠራበትም ጽሑፍ ለገዢው የማይገለጥ ነው። ከዚህ የተለየው ወገን «ክፍት ምንጭ» ይባላል። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ጂኤንዩ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሥርዓቱን እምብርት ጽፎ ለሕዝብ አወጣ፤ በ1992ም ያንኑ ሥራ ስቶልማን ባዘጋጀው የፈቃድ ጽሑፍ ሥር አዋለው። ሊኑክስ የምንለው ይህ ነው። የፈቃዱም አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ማንም ይጠቀምበት፣ ማንም ይመርምረው፣ ማንም ይገልብጠው፣ ማንም ያሻሽለው፤ ነገር ግን ያሻሻለውን ለሌላ ሲያካፍል እርሱ የተቀበለውን ነፃነት ለተቀባዩም ያስተላልፍ።

ይህ አሳብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ መሆን የለበትም። በጥንቱ ዘመን ቁም ጸሐፊው አንዱን መጽሐፍ ከአንዱ ደብር ተውሶ፣ ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ ይገለብጥ ነበር፤ ከእርሱም ቅጂ ሌላው ይገለብጣል። በመጽሐፉም መጨረሻ «የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን» የሚል የግዝት ቃል ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ እንዲበዛ የተፈቀደ፣ ከጋራ ንብረትነት እንዳይወጣ ግን በቃል የታሰረ ነበር ማለት ነው። የሊኑክስም ፈቃድ በሥጋዊው ሕግ ቋንቋ የተጻፈ እንደዚያ ያለ ቃል ነው።

ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ብራናው አንድ ጊዜ ከገልባጩ እጅ ከገባ በኋላ የማንንም እርዳታ አይጠይቅም። የኮምፒዩተር ሥርዓት ግን ስሕተቱ እየታረመ፣ ጥበቃው እየታደሰ፣ በየጊዜው ከሩቅ አገር ሰርቨር በመስመር የሚመጣ ነገር ነው። በመንገድ የሚመጣ ነገር ሁሉ ደግሞ በኬላ ሊያዝ ይችላል። የዚህ ድርሰት ታሪክ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነጥብ ነው።

ሳጃና ከካርቱም መሐል ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ አሮጌ ሰፈር ነው። ስሙ በዐረብኛ «ወህኒ ጠባቂዎች» ማለት ነው። ሰፈሩ በብረት፣ በቀለም፣ በቧንቧና በልዩ ልዩ የቤት መሥሪያ ዕቃ ንግድ የታወቀ ሲሆን፣ ከአጠገቡ ካለው ከዴም ሰፈር ጋር የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን መኖሪያ ሆኖ ኖሯል። አመሻሹ ላይ በመንገዱ ሲሄዱ የተቆላ ቡና ይሸታል፤ የእንጀራ ቤቱ መጋረጃ ይወዛወዛል፤ በአንዱ ሱቅ ዐረብኛ፣ በሚቀጥለው አማርኛ፣ በሦስተኛው ትግርኛ ይሰማል።

እኔ ወደዚያ የሄድሁት በ2009፣ በ19 ዓመቴ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ በመጠገን ይተዳደሩ የነበሩትን አጎቴን ለመርዳት ነበር። አጎቴ ቀን ቀን ይሠሩበት የነበረውን ክፍል ማታ ማታ ለጎረቤት ልጆች ማስተማሪያ ፈቅደውልን ስለ ነበር፣ ፊደልና ሒሳብ ከሚያስተምሩት ሁለት ሰዎች አንዱ እኔ ሆንሁ። የመምህርነትን ሥራ የጀመርሁት በዚያ ክፍል ነው ማለት እችላለሁ። አራት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነበሩን። በላያቸው ያለው ዊንዶውስ በገበያ በጥቂት ጊኔ የሚሸጥ፣ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ነበርና በየሳምንቱ በቫይረስ ይበላሻል። አንድ ሱዳናዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን አይቶ የኡቡንቱን ሲዲ ይዞልን መጣ። ኡቡንቱ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 ያስጀመረው የሊኑክስ ዓይነት ሲሆን፣ ቃሉ በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰው በሌላው ሰው አማካይነት ሰው መሆኑን የሚገልጽ ነው። አራቱም ኮምፒዩተሮች በአንድ ምሽት ታደሱ። የግዕዝ ፊደላችንም በስክሪኑ ላይ ሳይሰባበር ወጣ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለልጆቹ የጽሕፈት መለማመጃ የሚሆን አንድ ነፃ ፕሮግራም ለማውረድ ሞከርሁ። በገጹ ላይ የመጣው ግን ፕሮግራሙ ሳይሆን አንድ ማስታወቂያ ነበር፤ እኔ በምገኝበት አገር ላለ ሰው መስጠት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ይገልጻል። ከአጠገቤ የቆመች የ11 ዓመት ልጅ ጽሑፉን ተርጉሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኋት። «ጋሼ፣ እኛ ምን አደረግን?» አለችኝ። በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ይህ ድርሰት ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው ብትሉት አልከፋም።

እንግዲህ ክልከላው ከየት መጣ? የአሜሪካ መንግሥት ሱዳንን ሽብርን ከሚደግፉ መንግሥታት ተርታ የመዘገባት በነሐሴ 1993 ነው። በኖቬምበር 3 ቀን 1997 ደግሞ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ቁጥሩ 13067 የሆነውን ትእዛዝ ፈረሙ። በዚህም ትእዛዝ ዕቃ፣ ቴክኒክና አገልግሎት ያለ ልዩ ፈቃድ ከአሜሪካ ወደ ሱዳን እንዳይላክ ተከለከለ። ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ማዕቀቡ ያለ ምክንያት አለመውጣቱን መናገር ይገባል። ኦሳማ ቢን ላደን እስከ 1996 ድረስ በካርቱም ተቀምጦ ነበር፤ የሱዳን መንግሥት በገዛ ሕዝቡ ላይ ያደረሰውም በደል የታወቀ ነው። ነገር ግን ትእዛዙን የጻፉት ሰዎች ያሰቡት ስለ ነዳጅ፣ ስለ ባንክና ስለ መሣሪያ ነበር። ባለቤት የሌለው፣ ዋጋ የማይከፈልበት፣ ከብዙ አገር ሰዎች የተውጣጣ የጋራ ሥራ አለ ብለው አላሰቡም። በትእዛዙ ውስጥ የሊኑክስ ስም አንድም ቦታ አይገኝም።

እዚህ ላይ ለመምህራን በተለይ የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1988 ባወጣው ሕግ መጻሕፍትና ሌሎች የዕውቀት ጽሑፎች ከማዕቀብ ነፃ እንዲሆኑ ወስኖ ነበር። ስለዚህ በማዕቀቡ ዘመን ሁሉ አንድ የኮምፒዩተር መማሪያ መጽሐፍ ወደ ካርቱም መግባት ይችል ነበር። መጽሐፉ የሚያስተምረው ፕሮግራም ግን እንደ ዕቃ እንጂ እንደ ጽሑፍ ስላልተቆጠረ በዚያው መንገድ ማለፍ አልቻለም።

ፕሮግራም ጽሑፍ ነው ወይስ ዕቃ ነው? ይህ ክርክር ከሱዳን ጉዳይ ይቀድማል። መልእክትን በምሥጢር የሚሸፍን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአሜሪካ ሕግ እስከ 1996 ድረስ ከጦር መሣሪያ ጋር ይቆጠር ነበር። ፊል ዚመርማን የተባለ ባለሙያ በ1991 ማንኛውም ሰው ደብዳቤውን በምሥጢር የሚጽፍበትን ፕሮግራም በነፃ አወጣ፤ ፕሮግራሙም ከአገር ስለ ወጣ ከ1993 ጀምሮ የወንጀል ምርመራ ተከፈተበት። በ1995 የአንድ ታዋቂ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የፕሮግራሙን ምንጭ ቃል በቃል በመጽሐፍ መልክ አሳተመው። በመስመር ሲላክ ወንጀል የሆነው ነገር በወረቀት ሲታተም መጽሐፍ ሆነና ድንበር ለማለፍ ቻለ። ምርመራውም በ1996 ተዘጋ። በዚያው ዘመን ዳንኤል በርንስታይን የተባለ የሒሳብ ተማሪ መንግሥትን ከስሶ፣ የፕሮግራም ምንጭ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ንግግር ነው የሚል ፍርድ በ1996፣ ኋላም በ1999 ከይግባኝ ሰሚው ችሎት አገኘ።

ይህ ሁሉ ለክፍት ምንጭ ሠራተኞች ሩቅ ወሬ አልነበረም። ማንኛውም የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሥርዓት የይለፍ ቃልን ለመጠበቅና በመስመር የሚላከውን ለመሸፈን የምሥጢር ጽሕፈት ያስፈልገዋል። ዴቢያን የተባለው ታላቁ የሊኑክስ ማኅበር እንደዚህ ያሉትን ፕሮግራሞች ለይቶ ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ለብቻቸው ለማስቀመጥ ተገደደ፤ ወደ ዋናው ግምጃ ቤት የተመለሱት በ2002 ነው። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሌላ ነፃ ሥርዓትም መቀመጫውን በካናዳ ያደረገ በመሆኑ ከዚህ ችግር ሲያመልጥ ኖሯል። በጃንዩወሪ 2000 የአሜሪካ መንግሥት ደንቡን አላልቶ፣ በይፋ የሚታተም የምንጭ ጽሑፍ በማስታወቂያ ብቻ እንዲወጣ ፈቀደ። ይሁን እንጂ ሽብርን ይደግፋሉ ወደ ተባሉት አገሮች አውቆ መላክ እንደ ተከለከለ ቀረ። ሱዳንም ከእነዚያ አገሮች አንዷ ነበረች።

አሁን ወደ ካርቱም እንመለስ። በጃንዩወሪ 2010፣ በዚያን ጊዜ ከክፍት ምንጭ ግምጃ ቤቶች ሁሉ እጅግ የታወቀው ሶርስፎርጅ፣ ከኩባ፣ ከኢራን፣ ከሰሜን ኮሪያ፣ ከሱዳንና ከሶርያ የሚመጡትን ተጠቃሚዎች ዘጋ። ብዙ ተቃውሞ ስለ ደረሰበት በሚቀጥለው ወር ውሳኔውን አሻሽሎ፣ እያንዳንዱ የሥራ ባለቤት ለራሱ ፕሮግራም ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለውን እንዲወስን አደረገ። ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም በማውረጃ ገጹ ላይ የእነዚህን አገሮች ስም ዘርዝሮ፣ የአሜሪካ ሕግ ወደዚያ መላክን እንደማይፈቅድ ያስታውቅ ነበር። የፈቃዱ ጽሑፍ «ማንም» ይላል፤ የማውረጃው ገጽ «ከእነዚህ በቀር» ይላል። በፈቃድ ክፍት የሆነ ነገር በመንገድ ላይ ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ይህን ታሪክ ስመረምር ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ሌላ ነጥብ ነው። የአሜሪካ የውጭ ንግድ ደንብ በይፋ ለሁሉ የታተመን ሶፍትዌር በአብዛኛው ከቁጥጥር ውጭ ያደርገው ነበር፤ የተጠበቀው በተለይ የምሥጢር ጽሕፈቱ ክፍል ነበር። ስለዚህ ከሕጉ ይልቅ መቆለፊያው ይሰፋ ነበር። ለምን ቢሉ፣ ደንቡ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተከፋፈለና እጅግ የተወሳሰበ ስለ ነበረ፣ ቅጣቱም ከባድ ስለ ነበረ፣ የኩባንያው ጠበቃ የተፈቀደውን ከተከለከለው ለይቶ ከሚደክም ይልቅ የአገሩን በር በሙሉ መዝጋት ቀለለው። የሚከፈልበት ምርት ቢሆን ኖሮ ከሚቀርበት ገንዘብ የተነሣ በሩን ለማስከፈት የሚደክም ነጋዴ ይገኝ ነበር። በነፃ የሚሰጥ ነገር ግን ቢዘጋ የሚከስር ነጋዴ የለውም፤ ስለዚህም የሚከራከርለት ጠበቃ የለውም። ሕግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ባለቤት ላለው ዕቃ ነውና፣ የሁሉም የሆነውን ዕቃ ሲያገኘው ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። የሚያውቀው ማስፈራራትን ብቻ ነው።

ፍሬውም ከታሰበው ተቃራኒ ሆነ። የሱዳን መንግሥት የሚፈልገውን ሶፍትዌር በሦስተኛ አገር በኩል ለማስመጣት ገንዘብም ሰውም ነበረው። በዋጋ የሚሸጠውም ዊንዶውስ በሕጋዊ መንገድ መግዛት ቢያስቸግርም በሳጃናና በመሐል ከተማው ሱቆች ያለ ፈቃድ ተገልብጦ በየመደርደሪያው ሞልቶ ነበር። በሕጋዊና በንጹሕ መንገድ ሊገኝ ይችል የነበረው ነፃው ሥራ ግን መንገዱ ተሰናከለ። ማዕቀቡ ሕግ አክባሪውን ተማሪ ቀጥቶ ሕግ አፍራሹን ገበያ አበለጸገ ማለት ነው። በሩን ክፍት አድርገው ያቆዩት እንደ ዴቢያን ያሉት በበጎ ፈቃደኞች የቆሙ ሥራዎች ናቸው፤ ቅጂዎቻቸው በብዙ አገሮች ሰርቨሮች ተበታትነው ስለ ተቀመጡ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ይከፈት ነበር። ለእኛም ክፍል የቀረው መንገድ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ሲዲ ነበር።

በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ። በማርች 2010 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለግል መልእክት የሚያገለግሉ የኢንተርኔት አገልግሎቶችና ሶፍትዌሮች ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ እንዲፈቀዱ ደንብ አወጣ። በፌብሩወሪ 2015 ፈቃዱ ለሱዳን ሰፋ ብሎ ልዩ ልዩ የመገናኛ መሣሪያዎችንና ሶፍትዌሮችን ጨመረ። በኦክቶበር 12 ቀን 2017 ዋናው ማዕቀብ ተነሣ፤ በዲሴምበር 14 ቀን 2020 ደግሞ ሱዳን ከሽብር ደጋፊዎች መዝገብ ተሰረዘች። ከመጀመሪያው ትእዛዝ እስከ ዋናው ማዕቀብ መነሣት 20 ዓመት አለፈ። በ1997 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ለመውጣት የሚበቃው ዘመን ነው። ማዕቀብ በአንድ ፊርማ ይነሣል፤ በመካከሉ ያለፈው የተማሪ ዕድሜ ግን አይመለስም።

ይህ የአንድ አገርና የአንድ ዘመን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በታሪክነቱ በተውነው ነበር። ነገር ግን በዚህ በእኛ ዘመን መንግሥታት ስለ ኮምፒዩተር አዳዲስ ሕግ በማውጣት ላይ ናቸው፤ ዓላማቸውም በአብዛኛው መልካም ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በሴፕቴምበር 2022 የኮምፒዩተር ዕቃዎችን ደኅንነት የሚመለከት የሕግ ረቂቅ አቀረበ። ዕቃውን ለገበያ ያቀረበ ሁሉ ጉድለቱን እንዲያርም፣ አደጋ ሲገኝም እንዲያስታውቅ የሚያስገድድ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ በትርፍ ጊዜው በነፃ የሚጽፈውን በጎ ፈቃደኛ ከትልቁ ኩባንያ አጥርቶ አይለይም የሚል ሥጋት ተነሣ። የክፍት ምንጭ ማኅበራት ረቂቁ ገና በክርክር ላይ ሳለ በጽሑፍ ተቃወሙ፤ የዴቢያን አባላትም በዲሴምበር 2023 ድምፅ ሰጥተው አቋማቸውን በይፋ ገለጹ። በመጨረሻም በኦክቶበር 2024 የጸደቀው ሕግ ለንግድ ያልሆነውን ነፃ ሥራ ከግዴታው አወጣ፤ ክፍት ሥራን ለሚደግፉ ድርጅቶችም «ጠባቂ» የሚል አዲስ ማዕረግ ፈጥሮ፣ ግዴታቸውን ቀላል፣ የገንዘብ መቀጮም የሌለበት አደረገው። የሕጉ ዋና ግዴታዎች የሚጸኑት ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ እንዲሆን ተወሰነ። በጊዜ የተናገረ ሰው የሕግን ቃል ሊያስለውጥ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

በሌላ በኩል የካሊፎርኒያ ግዛት በኦክቶበር 2025 ሕፃናትን ለመጠበቅ ሌላ ሕግ አጸደቀ። በዚህ ሕግ ሥርዓተ ክወና የሚያቀርብ ሁሉ፣ መሣሪያው ለተጠቃሚ ሲዘጋጅ የተጠቃሚውን ዕድሜ ጠይቆ፣ የዕድሜውን ክፍል ለፕሮግራሞች የሚያስታውቅ ምልክት እንዲሰጥ ታዘዘ፤ ሲጸድቅ የተቆረጠለት መጀመሪያ ጃንዩወሪ 1 ቀን 2027 ነው። አቅራቢ ማን እንደ ሆነ ሲተረጉምም ሥርዓቱን የሚያዘጋጅ፣ ፈቃድ የሚሰጥ ወይም የሚቆጣጠር ሰው ወይም ድርጅት ይለዋል። የልጆችን ደኅንነት የማይፈልግ መምህር የለም። ነገር ግን ይህ ትርጓሜ የተጻፈው ደንበኞቹን በስም መዝግቦ የሚይዝ ትልቅ ኩባንያ በዓይነ ኅሊና ታይቶ ነው። ሊኑክስን በአንድ ትንሽ ክፍል ተቀምጠው የሚያዘጋጁ፣ የተጠቃሚዎቻቸውን ስም እንኳ የማያውቁ ሰዎችም በቃሉ ውስጥ ይገባሉ። ሥራቸው ክፍት ስለ ሆነም የዕድሜ መጠየቂያውን ቢጨምሩት ሌላው ሰው አውጥቶት እንደገና ሊያከፋፍለው ይችላል። ከዚህ ወዲያ የሚፈራው ሳጃና ላይ የታየው ነው፤ ይኸውም ጠበቃ የሌለው አዘጋጅ ከሕጉ ጋር ከመከራከር ይልቅ የአንዱን አገር በር ዘግቶ መቀመጥን እንዳይመርጥ ነው።

የማዕቀቡም ነገር ቢሆን አላበቃም። በኦክቶበር 2024 ከሩስያ ጋር ግንኙነት ያላቸው ጥቂት ባለሙያዎች ከማዕቀብ ደንብ የተነሣ ከሊኑክስ እምብርት ኀላፊዎች ዝርዝር ስማቸው ተሰርዟል። መቀበልን የከለከለው ሕግ መስጠትንም ሊከለክል እንደሚችል ታየ።

ይህ ለኢትዮጵያ መምህር ምኑ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ፊደላችን በ1999 ከዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ከገባ ወዲህ በኮምፒዩተር ከምንጽፍባቸው የፊደል ቅርጾች ብዙዎቹ በነፃ ፈቃድ የተሰጡ ናቸው፤ አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ ለዚህ አንዱ ምሳሌ ነው። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያችን ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ከ2008 ጀምሮ በሺህ ለሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች የተሰጡት ትንንሽ የትምህርት ላፕቶፖችም የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። አገራችንም በበኩልዋ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ በ2024 አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ሌሎች የቴክኒክ ሕጎችም መከተላቸው አይቀርም። እንግዲህ እኛ ከሕግ ተቀባዮች ብቻ ሳንሆን ከሕግ አውጪዎችም ነን።

ስለዚህ ለባልደረቦቼና ለትምህርት ሹማምንት ሦስት ነገር በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየመምህራን ማሠልጠኛውና በየትምህርት ቤቱ የሚያገለግሉት ነፃ ፕሮግራሞች ሙሉ ቅጂ በግቢው ውስጥ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም ይታደስ። የቀድሞው ቁም ጸሐፊ አንድ መጽሐፍ በአንድ ደብር ብቻ እንዳይቀር ይደክም እንደ ነበረ እናስታውስ። ሁለተኛ፣ የቴክኒክ ሕግ ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ ማኅበራችን አንብቦ አሳቡን ይስጥ፤ የምንጠይቀውም አንድ ግልጽ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ለንግድ ሳይሆን በነፃ ለሕዝብ የሚሰጥ የጋራ ሥራ ከኩባንያ ምርት ተለይቶ ይታይ። የአውሮፓዎቹ ምሳሌ የሚያስተምረን ሳይቃጠል በቅጠል ማለትን ነው። ሦስተኛ፣ ተማሪዎቻችን ተጠቃሚዎች ብቻ ሳይሆኑ አራሚዎችና ጸሐፊዎች እንዲሆኑ እናሠልጥን። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በአገሩ ካለ፣ የውጭው በር ቢዘጋ እንኳ በእጁ ያለውን ቅጂ ጠግኖ ይኖራል።

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በሳጃና ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ንብረታቸውን ጥለው ወጡ፤ በፌብሩወሪ 2024ም የአገሩ የመገናኛ መስመር በአብዛኛው ተቋርጦ ነበር። አጎቴ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ ከያዙት ጥቂት ዕቃ መካከል የዚያ ክፍል ቅጂዎች ሁሉ የተጠራቀሙበት አንድ አሮጌ ዲስክ ነበር። የልጆቹ የፊደል መልመጃ፣ የሒሳቡ ጥያቄና ሥርዓተ ክወናው ራሱ በውስጡ ነበሩ። ዲስኩን በምሠራበት ማሠልጠኛ ቤት ከአንድ የተጣለ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘሁት። የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ተነሣ። ዛሬ እጩ መምህራኑ ይለማመዱበታል።

ያችን የ11 ዓመት ልጅ ዛሬ ባገኛት የምመልስላት ይህን ነው፦ አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች አንቺን አላዩሽም፤ እኛ የምናይሽ ደግሞ ሕጉ ሲጻፍ አልተናገርንም። የመጀመሪያውን ጉድለት ለማረም በእጃችን ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን የእኛ ነው።